የሕዝብን ድምፅ ስለ መሰብሰብና ስለ ማድመጥ

ብዙ ሰዎች በአንድ ቃል የተናገሩት ነገር አንድ ሰው ብቻውን ከተናገረው ይልቅ እንደሚሰማ ማንም የሚያውቀው ነው። አባቶቻችንም ይህን በሸማኔ ሥራ መስለው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል። ድር የሚለው ቃል ግን በዘመናችን ሁለተኛ ትርጓሜ አግኝቶአል፤ ይኸውም በኢንተርኔት አማካይነት የዓለምን ሕዝብ እርስ በርሱ ያገናኘው የማይታይ ድር ነው። በአሮጌው ድር የሚታሰረው አንበሳው መሆኑ የታወቀ ነው፤ በአዲሱ ድር ግን የሚታሰረው አንበሳው ነው ወይስ ፈታዩ ራሱ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሥራ ታሪካቸው ከሚረዳን ሰዎች አንዱ ኤላይ ፓሪሰር የሚባለው አሜሪካዊ ነው። እርሱ በሃያ ዓመት ዕድሜው በዚህ ድር ብዙ ሕዝብ ሰበሰበ፤ በሠላሳ ዓመቱ ደግሞ ያው ድር ሰውን ከሰው እንደሚለይ ለዓለም አስጠነቀቀ። ስለዚህ የሥራውን ታሪክ በየተራው ጽፈን ለመንግሥት ሠራተኞችና ለቤተ ክህነት ሊቃውንት የሚጠቅመውን ትምህርት ለማውጣት ዐስበናል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዘመናት፥ በግልጥ ካልተለየ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከኤላይ ፓሪሰር በፊት ነው። በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከአንዲት ወጣት ሠራተኛ ጋራ ስለ ነበረው ግንኙነት ክርክር ተነሥቶ የመንግሥቱ ሥራ ሁሉ በዚያ ነገር ተይዞ ነበር። በካሊፎርኒያ ግዛት በበርክሊ ከተማ የሚኖሩ ዌስ ቦይድና ጆአን ብሌድስ የሚባሉ ባልና ሚስት በዚህ አዝነው አንዲት አጭር አቤቱታ በኢንተርኔት አወጡ። እነዚህ ሰዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም እየሠሩ ይነግዱ የነበሩ ናቸው እንጂ ከዚያ በፊት በፖለቲካ የታወቁ አልነበሩም። የአቤቱታዋም ቃል ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ገሥጾ ወደ ሌላው አስቸኳይ የአገር ጉዳይ ይለፍ የምትል ነበረች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ስሙን አስገባባት፤ ቍጥሩም እያደገ ሄዶ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ደረሰ። ከዚህ የተነሣ ሙቭ ኦን የሚባል ማኅበር ተቋቋመ፤ ትርጓሜውም ወደ ፊት ዕለፍ ማለት ነው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ግን አቤቱታውን ሳይቀበል ዲሴምበር 19 ቀን 1998 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱን ከሰሰው፤ የሕግ መወሰኛውም ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 1999 ዓ.ም. ከክሱ ነጻ አወጣው።

ኤላይ ፓሪሰር የተወለደው በ1980 ዓ.ም. ሲሆን ያደገው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን ግዛት ሊንከንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለቀሩ ወጣቶች የሚሆን ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ሰዎች ነበሩ። እርሱም ሳይመንስ ሮክ በሚባለው ኮሌጅ የሕግና የፖለቲካ ትምህርት ተምሮ በ2000 ዓ.ም. ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ጨረሰ።

ከዚህ በኋላ ያችን ዓለም የማይረሳት ቀን መጣች። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በኒው ዮርክና በዋሺንግተን ላይ የደረሰው ጥፋት በእኛ አቈጣጠር በዘመነ ማርቆስ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበረ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ የዘመን መለወጫን በዓል ሲያከብርና ልጆች አበባ ይዘው ሲዞሩ በዚያ በሩቅ አገር ሦስት ሺህ ያህል ነፍስ ጠፋ። በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ ኀዘንና ቍጣ ተደባልቆ በነበረበት በዚያ ሰዓት ይህ የሃያ ዓመት ወጣት መንግሥቱ የወንጀለኞቹን ቅጣት ከማያውቁት ሰዎች ላይ እንዳያደርግ፥ በትዕግሥትና በሕግ እንዲሠራ የሚለምን አቤቱታ ጽፎ በኢንተርኔት አወጣና ለወዳጆቹ በኢሜይል ላከ። እነርሱ ለወዳጆቻቸው ላኩ፤ የእነርሱም ወዳጆች እንዲሁ አደረጉ። ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ግማሽ ሚሊዮን የሚያህል ሰው ከልዩ ልዩ አገር ስሙን አስገባ። በቀድሞ ዘመን ይህን ያህል ፊርማ ለመሰብሰብ ብዙ መልእክተኛ፥ ብዙ ስንቅና ብዙ ዓመት ባስፈለገ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሙቭ ኦን መሥራቾች ይህን ወጣት ጠርተው የማኅበራቸው ሠራተኛ አደረጉት።

የሥራውን አካሄድ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ፍሬው ሊመዘን አይችልምና። እንዲህ ያለው ማኅበር አዳራሽም የአባልነት መታወቂያም የለውም። አባል የሚባለው አቤቱታ ፈርሞ የኢሜይል አድራሻውን የተወ ሰው ሁሉ ነው። ሠራተኞቹ ጥቂቶች ናቸው። ጉዳይ በተነሣ ጊዜ ደብዳቤ በሁለትና በሦስት ዐይነት ይጽፉና በመጀመሪያ ለጥቂት አባሎች ይልካሉ፤ የትኛው ደብዳቤ ብዙ ሰው እንዳስነሣ ቈጥረው ካወቁ በኋላ ያንኑ መርጠው ለሚሊዮኖች ይልካሉ። ተቀባዩም አንዳንድ ጊዜ እንዲፈርም፥ አንዳንድ ጊዜ ለእንደራሴው ቴሌፎን እንዲደውል፥ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ እንዲያዋጣ ይጠየቃል። አንድ ባለጠጋ ብዙ ገንዘብ በሚሰጥበት ፈንታ ብዙ ሰው ሃያና ሠላሳ ዶላር ያዋጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን ምሳሌ በዚህ ሥራ ተፈጽሞ ይታያል።

የዚህም ሥራ ትልቁ ፈተና በ2003 ዓ.ም. መጣ። የአሜሪካ መንግሥት በኢራቅ ላይ ጦርነት ለማንሣት በተዘጋጀ ጊዜ ፓሪሰር የማኅበሩን የሰላም ዘመቻ ይመራ ነበር። ፌብሩዋሪ 15 ቀን በብዙ የዓለም ከተሞች ሚሊዮኖች ሰዎች ለሰልፍ ወጡ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን ደግሞ ሙቭ ኦን ከሌሎች ማኅበሮች ጋራ ተባብሮ ሰልፈኛው ከቤቱ ሳይወጣ በቴሌፎንና በፋክስ ዋሺንግተንን የሚያጥለቀልቅበትን ቀን አዘጋጀ። አዘጋጆቹ እንደ ተናገሩት በዚያ አንድ ቀን ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ጥሪ ለእንደራሴዎቹና ለፕሬዚዳንቱ ቤት ደረሰ። ይሁን እንጂ አንድ ወር ሳይሞላ በማርች ጦርነቱ ተጀመረ።

ይህን ያህል ድምፅ ስለ ምን ፍሬ ሳያፈራ ቀረ? አንዱ ምክንያት ግልጥ ነው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በኦክቶበር 2002 ዓ.ም. በ77 ድምፅ ለ23 ለፕሬዚዳንቱ የጦርነት ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ የሚሊዮኖቹ ድምፅ ፍርድ ከተፈረደ በኋላ ለዳኛ እንደሚቀርብ አቤቱታ ሆነ። ሁለተኛውም ምክንያት ድምፁን ለማሰማት የሚወጣው ድካም ባነሰ መጠን ድምፁን የሚሰማው ሹም የሚሰጠው ክብደት ስለሚያንስ ነው። ሦስት ቀን በእግሩ ተጕዞ ከደጅ የቆመ ባለ ጉዳይ ነገሩ እውነት እንደ ቸገረው እግሩ ይመሰክርለታል፤ በጣቱ ጫፍ ለፈረመ ሰው ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ይህን ስንል የኋለኛውን ሰው ሐሰተኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ በኋላም የጦርነቱ ምክንያት ተብሎ የተነገረው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት ተፈልጎ አለመገኘቱ የታወቀ ነው። ድምፁ በቀላሉ ስለ መጣ ብቻ ሊናቅ እንደማይገባው ከዚህ እንማራለን።

ማኅበሩ ከዚህ በኋላ ወደ ምርጫ ሥራ ገባ። በጁን 2003 ዓ.ም. የዴሞክራቱን ወገን ዕጩ ለመምረጥ በኢንተርኔት አባሎቹን ድምፅ ሲያሰጥ ከ300 ሺህ የሚበልጥ ሰው መረጠ። በዚያ ድምፅ ሃዋርድ ዲን አንደኛ ወጣ፤ ነገር ግን የወገኑ እውነተኛ ምርጫ በደረሰ ጊዜ ዲን ተሸንፎ ጆን ኬሪ ዕጩ ሆነ፤ ኬሪም በ2004 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ቡሽ ተሸነፈ። ከዚህ የምንረዳው በኢንተርኔት የተሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ቢሆንም ያው ሕዝቡ ሁሉ አለመሆኑን ነው። ፓሪሰርም በዚሁ በ2004 ዓ.ም. የማኅበሩ ዋና ሥራ መሪ ሆነ።

በእርሱ መሪነት ዘመን የተደረገ አንድ ነገር ለጸሓፊ ሁሉ ትምህርት ስለሚሆን ልናልፈው አንወድም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2007 ዓ.ም. በኢራቅ የአሜሪካ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስ ስለ ጦርነቱ ሁናቴ ለምክር ቤት ቃሉን ለመስጠት በቀረበ ዕለት ሙቭ ኦን በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። በማስታወቂያውም የጄኔራሉን ስም አጣምሞ በእንግሊዝኛ ከዳን ወደሚል ቃል አስጠጋው። በቅኔ ቤት ኅብር የሚባለውን የሚያውቅ ሰው አንድን ቃል በሁለት መንገድ ማስኬድ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ያውቃል፤ ነገር ግን ኅብር በሰው ክብር ላይ በተነገረ ጊዜ ወርቁ ይጠፋና ሰሙ ብቻ ይቀራል። የማኅበሩ ዐሳብ ስለ ጦርነቱ የቀረቡት ቍጥሮች እውነት መሆናቸው እንዲመረመር ነበር። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ግን ስለ ቍጥሮቹ የሚነጋገር ሰው አነሰ፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ስድቡ ሆነ። በዐሥረኛው ቀን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ72 ድምፅ ለ25 ማስታወቂያውን አወገዘ፤ ጦርነቱን ከሚቃወሙት ከዴሞክራቶቹም ወገን ብዙዎች ከአውጋዦቹ ጋራ ድምፅ ሰጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለምን? በዚህ ዘመን ደግሞ አፋፉ የዓለም ዳርቻ ሆኖአል።

ሆኖም የማኅበሩ ኀይል አልደከመም። በ2007 ዓ.ም. ፓሪሰርና ባልንጀሮቹ ይህን አሠራር ወደ ዓለም ሁሉ ለማድረስ አቫዝ የሚባል ሌላ ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙም በፋርስና በሌሎችም ቋንቋዎች ድምፅ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡት የሙቭ ኦን አባሎች ለባራክ ኦባማ ድጋፍ ይሰጥ እንደ ሆነ ተጠይቀው ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ከመቶው 70 የሚያህሉት ኦባማን መረጡ። እርሱም በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነ። ፓሪሰር ድል ባገኘበት በዚያ ዓመት የዕለት ሥራውን መሪነት ለሌላ ሰው አስረክቦ በማኅበሩ የበላይ ጉባኤ ሰብሳቢነት ተወሰነ።

እንግዲህ የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ይመጣል። ፓሪሰር ራሱ እንደ ተናገረው በፖለቲካ ከእርሱ የሚለዩትን ሰዎች ዐሳብ ለመስማት ብሎ በፌስቡክ ወዳጆች አድርጎአቸው ነበር። አንድ ቀን ቢመለከት የእነዚያ ሰዎች ቃል ከፊቱ ጠፍቶ አገኘው። እርሱ አላባረራቸውም፤ ነገር ግን ፌስቡክ የሚሠራበት የሒሳብ ቀመር ይህ ሰው የወገኖቹን ጽሑፍ አብዝቶ ያነባል ብሎ ቈጥሮ ሌሎቹን ሳይጠይቀው አስወገዳቸው። ጉግልም ከዲሴምበር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ እንደየጠባዩ የተለየ መልስ መስጠት ጀምሮ ነበር። ፓሪሰር ሁለት ወዳጆቹ በአንድ ወቅት ግብጽ የሚለውን ቃል በጉግል እንዲፈልጉ ቢያደርግ ለአንዱ በግብጽ የተነሣው የሕዝብ ዐመፅ ሲወጣለት ለሁለተኛው ግን ስለዚያ ነገር በመጀመሪያው ገጽ ምንም አልወጣለትም። ይህንንም በ2011 ዓ.ም. በንግግርና በመጽሐፍ አስታወቀ፤ የሚገልጠውንም ስም ራሱ አወጣለት። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ የማጣሪያ አረፋ እንደ ማለት ነው፤ ይኸውም ሰው በማያየው ወንፊት የተነፋለትን ብቻ እየተመገበ በአረፋ ውስጥ እንደ ተዘጋ ይኖራል ማለቱ ነው።

የቤተ ክህነት ሊቃውንት ይህን ነገር ሲሰሙ ለእነርሱ እንግዳ አይሆንባቸውም። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው ንጉሡ አክዓብ ወደ ጦርነት ሊወጣ ባሰበ ጊዜ አራት መቶ ነቢያት ተሰብስበው ልቡ የወደደውን ነገሩት። የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ እውነቱን ቢናገር በግዞት ተቀመጠ፤ አክዓብም በራሞት ገለዓድ ወደቀ። ከዚህ የምናስተውለው አራት መቶ ድምፅ መስማትና አንድ ድምፅ አራት መቶ ጊዜ መስማት ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን ነው። በአክዓብ ዘመን ግን ውዳሴውን ለመስማት ንጉሥ መሆን ያስፈልግ ነበር፤ በዛሬው ዘመን ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ የራሱ አራት መቶ ነቢያት ተሰጥተውታል።

እውነቱን ሚዛናዊ አድርጎ ለመጻፍ ግን የተቃዋሚዎቹንም ቃል መጨመር ይገባናል። በ2015 ዓ.ም. የፌስቡክ ተመራማሪዎች ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ሰው ከተቃራኒው ወገን ዐሳብ የሚለየው ከቀመሩ ይልቅ በራሱ የወዳጅና የንባብ ምርጫ ነው ብለዋል። መርማሪዎቹ የዚያው የንግድ ቤት ሠራተኞች በመሆናቸው ቃላቸው ያለ ጥርጥር ሊወሰድ አይገባም፤ ሆኖም ከእነርሱ ውጭ ያሉ ሊቃውንትም የአረፋው ነገር ከልክ በላይ ተጋኖአል ያሉ አሉ። ይህ ክርክር የሚያስረዳን ወንፊቱ በማሽኑ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በልባችንም ውስጥ ያለ መሆኑን ነው። ማሽኑ ያባብሰው እንደ ሆነ እንጂ የመጀመሪያው ፈጣሪ እርሱ አይደለም።

ፓሪሰር ይህን ሕመም ከተናገረ በኋላ መድኀኒት ፈለገ። በማርች 2012 ዓ.ም. ፒተር ኬክሊ ከሚባል ባልንጀራው ጋራ አፕወርዚ የሚባል ድረ ገጽ አቋቋመ፤ ዐሳባቸውም ጠቃሚ የሆነው ነገር እንደ ቀልዱና እንደ ሐሜቱ ሁሉ በሰው ዘንድ ተወዳጅ ሆኖ እንዲዛመት ነበር። ለአንድ ጽሑፍ ሃያ አምስት አርእስት እየጻፉ ሰውን በይበልጥ የሚስበውን ይመርጡ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ወር ውስጥ ከ80 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ጐበኛቸው። ነገር ግን ከጎብኚዎቹ አብዛኞቹ በፌስቡክ በኩል የሚመጡ ነበሩ። ፌስቡክ ቀመሩን በለወጠ ጊዜ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ከአንባቢዎቻቸው ግማሽ ያህሉ ጠፉ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ድርጅታቸው ከሌላ ድርጅት ጋራ ተቀላቀለ። በሌላ ሰው ርስት ላይ ቤት የሠራ ጭሰኛ ባለ ርስቱ ዐሳቡን በለወጠ ቀን ምን እንደሚያገኘው የአገራችን ሽማግሌ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፓሪሰር ሕዝብን ከመቀስቀስ ይልቅ ሕዝብ የሚገናኝበትን ስፍራ ወደ መሥራት ዞረ። ታሊያ ስትራውድ ከምትባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ጋራ ኒው ፐብሊክ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ዐሳቡም ከተማ ከንግድ ቤት ሌላ የሕዝብ መናፈሻና የመጻሕፍት ቤት እንደሚያስፈልገው ሁሉ ኢንተርኔትም ለትርፍ ያልቆመ የሕዝብ አደባባይ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ለዚህም ምሳሌ አድርጎ ዋልት ዊትማን የሚባለው ባለቅኔ በ1840ዎቹ ዓመታት በብሩክሊን ከተማ የጋዜጣ አዘጋጅ ሳለ ለድኻው ሕዝብ መናፈሻ እንዲሠራ መሟገቱን ጠቅሶአል፤ ያም መናፈሻ ፎርት ግሪን ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። የጋዜጣ ሰው ቃል ከወረቀቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ሊያገኝ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚሆነው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ሹም የሆነ ሰው በሺህ የሚቈጠር ፊርማ የያዘ አቤቱታ ሲመጣለት ሁለት ስሕተት ሊያገኘው ይችላል። አንደኛው በጣት ጫፍ የመጣ ነው ብሎ መናቅ ነው፤ የ2003 ዓ.ም. ጩኸት የተናቀ ሆኖ እውነት ግን ነበረበት። ሁለተኛው ሕዝቡ ሁሉ እንዲህ ይላል ብሎ መደንገጥ ነው፤ በዚያው ዓመት በኢንተርኔት ያሸነፈው ዕጩ በአደባባይ ተሸንፎአልና። ትክክለኛው መንገድ አቤቱታውን በጊዜው፥ ይኸውም ነገሩ ሳይወሰን፥ ተቀብሎ በውስጡ ያለውን ነገር መመርመር፥ ከዚያም በውስጡ ስማቸው የሌለው እነማን ናቸው ብሎ መጠየቅ ነው። በአገራችን ኢንተርኔት ያልደረሰው ገበሬና እረኛ፥ ፊደል ያልቈጠረች እናት ብዙ ናቸው። የእነርሱ ዝምታ ፈቃድ እንዳይመስል፥ የሺህ ጣቶችም ድምፅ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣውን የአንዱን ሰው ድምፅ እንዳይሸፍነው መጠንቀቅ የዳኛና የሹም ግዴታ ነው።

ሁለተኛም የሚሰበስብ ሰው የሚሰበስብበትን ቃል ይመርምር። ቍጣ ሕዝብን ፈጥኖ ይሰበስባል፤ ነገር ግን በቍጣ የተሰበሰበ ሕዝብ ለመምከር አይመችም። የእኛ አገር ማኅበርተኛ በየወሩ በአንድ ጽዋ ዙሪያ ተቀምጦ የባልንጀራውን ፊት እያየ ይነጋገራል፤ ቢጣላ ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። በሚሊዮን የሚቈጠረው የኢንተርኔት ማኅበርተኛ ግን የባልንጀራውን ፊት ሳያይ ይፈርማል፥ ሳይታረቅም ይለያያል። ካህናት በየማኅበሩና በየሰንበቴው ይህን የመተያየት ልማድ ከጠበቁት አገርን የሚያድን ሥራ እንደ ሠሩ ይቈጠርላቸዋል፤ በስልክ የሚገናኙትን ወጣቶችም ከዚህ ልማድ እንዳይለዩ ሊያስተምሩአቸው ይገባል።

ሦስተኛም ሥልጣን ያለው ሁሉ በዙሪያው ያለውን ወንፊት ይመልከት። ወንፊቱ ማሽን ብቻ አይደለም፤ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ የሚያስገባ ጸሓፊ፥ ክፉውን ወሬ በደጅ የሚያስቀር በረኛም ወንፊት ነው። ኤላይ ፓሪሰር የተቃዋሚዎቹ ቃል ከፊቱ ሲጠፋ አስተዋለና ወዴት ሄዱ ብሎ ጠየቀ። የሥራው ታሪክ ድልም ሽንፈትም የተቀላቀለበት ቢሆን ይህች ጥያቄው ብቻ ልትመሰገን ይገባታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ለማበር ግን ክሩ ሁሉ በአንድ ቀለም መነከር አያስፈልገውም። የአገራችን ሸማኔ ጥበቡን የሚያሳምረው ልዩ ልዩውን ቀለም አጠጋግቶ በመሥራቱ ነውና፥ የሕዝብን ድምፅ የሚሰበስብም የሚያደምጥም ከእርሱ ይማር።